የገብስማዋ ዶሮ ጉዝጓዝ

አንድ ጊዜ ጫጩት ማሳደግ ያልሆነላት አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረች። እንቁላል መታቀፉንስ ታውቅበታለች፤ ጫጩቶቿም ቢጫ፣ ጥቁር፣ ዥጉርጉር ሆነው ይፈለፈላሉ። ነገር ግን ገና ላባ ሳያወጡ ነጭ ተቅማጥ ይይዛቸውና አንገታቸውን እንደደፉ ይቀራሉ።

የሚብስባት ማለዳው ነው። ጎረቤቷ ቆቅ ልጆቿን አስከትላ በአጥሩ ሥር ስታልፍ፣ ገብስማም ሳታስበው የራሷን ልጆች ትጣራለች። የሚመጣላት የለም። ያን ጊዜ ወደ ቤቷ ትመለስና ልጆቿ ይተኙበት በነበረው የጭድ ጉዝጓዝ ላይ ትጋደማለች። ጭዱ ረጥቧል፣ ጠቁሯል፤ ሆኖም የልጆቿ ጠረን ገና አልለቀቀውም። መንቆሯን ቀብራ ታሸተዋለች።

መድኃኒት የምታመጣላት እመት ቀበሮ ነበረች። «ነፍስ ያለው ዶሮ አልነካም» ብላ ምላ፣ ለድካሟ የሞቱትን ጫጩቶች ብቻ ትወስዳለች። ቅጠል ጨምቃ ስታጠጣቸው የታመሙት ቀና ቀና ይላሉ።

«ይኸው ዳኑልሽ፤ ከእንግዲህ ቅጠሉን አታባክኚው» ትላለች ቀበሮ።

«ተመልሶ ቢይዛቸውስ?»

«የዳነን ምን ይይዘዋል?»

«እንግዲያው ጉዝጓዙን ልቀይረው?»

«ምነው እህት ዓለም! የልጆችሽን ጠረን አውጥተሽ ልትጥዪ? አንጀትሽ እንዴት ይችላል?»

እውነትም የገብስማ አንጀት አይችልም። ጉዝጓዙ እንዳለ ይቀመጣል። ጥቂት ሰንብቶ በሽታው ይመለሳል፤ ቅጠሉም በየጊዜው ጉልበት እያጣ ሄደ።

አንድ ቀን ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጅብ በአጥሩ ቀዳዳ አፉን አስገባ።

«እመት ዶሮ! ዛሬ የሞተ የለም እንዴ? ቀበሮ ድርሻዬን ሳትሰጠኝ ቀረች።»

«የምን ድርሻ አያ ጅቦ?» አለች ገብስማ ደንግጣ።

«የጫጩት ነዋ! ያ ጉዝጓዝ እስካለ፣ የሚጠጡበት የውኃ ገንዳም እስካልታጠበ ድረስ እራት አናጣም ብላኛለች። በሽታው እዚያው ተኝቶ አዲሶቹን ይጠብቃል አሉ።» ወዲያው አፉን በመዳፉ ያዘ። «ውይ! ለአንቺ እንዳልነግርሽ ተብዬ ነበር። እንዳልሰማሽ ሁኚልኝ፣ እሺ?»

በማግስቱ ገብስማ ጉዝጓዙ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመች። አንዲት ቢጫ የጫጩት ጠጉር ብቻ ላስቀር ብላ አነሳች፤ መልሳ ጣለቻት። ከዚያ ጭዱን እየጫረች፣ እያለቀሰች፣ ከአጥሩ ውጭ እስካለው የቆሻሻ ጉድጓድ ገፋችው። ገንዳውን በአመድ አሸችው፤ የውስጥ ጎኑን የያዘውን የሚያሟልጭ ልግ በአሸዋ ፈገፈገችው። ቤቱን ለፀሐይ ከፍታ ዛፍ ላይ ማደር ጀመረች።

ቀበሮ መጥታ ባየች ጊዜ ጮኸች። «እናት ሆነሽ እንዲህ ትጨክኚ? ልጆችሽ የነበሩበትን!»

«ልጆቼ እዚያ የሉም» አለች ገብስማ ከዛፉ ላይ። «እዚያ የነበረው የገደላቸው ነው።»

ቤቱ ደርቆ አዲስ ጭድ ሲጎዘጎዝ ገብስማ እንደገና ታቀፈች። ከተፈለፈሉት አንዷ ታመመችባት። ለብቻዋ አስተኝታ ቅጠሉን ራሷ ለቅማ አጠጣቻት፤ ጫጩቷ ቀና ብትልም ፈጽሞ እስክትድን ድረስ ማጠጣቱን አላቋረጠችም። ሌሎቹን በሽታው አልነካቸውም።

ጫጩቶቹ ላባ አወጡ፤ በክንፏ ሥር አልበቃ ብለው ይገፋፉ ጀመር። ገብስማ ክንፏን አሰፋችላቸው። «እነዚያም ቢኖሩልኝ እንዲህ ያድጉ ነበር» ስትል አሰበች፤ የእያንዳንዳቸው ሙቀት እስኪሰማትም ዓይኗን አልከደነችም።

ከዚህ የምንማረው የታመመውን ብቻ አክመን በሽታው የተኛበትን ቦታ፣ ብንወደውም እንኳ፣ ካላጸዳን የነገ ልጆቻችንን ለትናንት ሐዘናችን እንደምንገብር ነው።