ወደ ዘማሪዋ የዞረው ስፒከር

ተረቴ መጣች፤ መቀመጫ ስጧት።

«ተቀምጣለች» በሉኝ።

እንግዲህ ስሙ። ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ድራም ሲናገር ጊታር በሚመልስበት፣ አህያም ሸክም ሲበዛባት «ኧረ ቀንሱልኝ!» በምትልበት ዘመን፣ በእንሰት ማሳዎች መሃል ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በዚያች ቤተ ክርስቲያን አየለች የምትባል ዘማሪ ነበረች። ሰርግ ሲሆን የምትዘምረው እሷ፣ ለቅሶ ሲሆን እሷ፣ ጉባኤ ሲሆን እሷ። ሰው ሁሉ ይወዳታል። አየለች ግን ደክሟት ነበር።

የደከማት መዘመሩ አይደለም። የደከማት መጮኹ ነው። ድራሙ፣ ቤዝ ጊታሩና ኪቦርዱ ከጀርባዋ ሆነው ያስተጋባሉ። ትልልቆቹ ስፒከሮች ደግሞ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው ለእሷ ጀርባቸውን ሰጥተዋታል። ስትዘምር የራሷን ድምፅ አትሰማም። ስለማትሰማ ትጮኻለች። ስትጮኽ ጉሮሮዋ ይቆስላል። ሰኞ ሰኞ ምራቋን መዋጥ እንኳ ያቅታታል።

አንድ እሑድ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ወደ ድራሙ ጠጋ አለች።

«ወንድሜ ድራም፣ እባክህ ትንሽ ዝቅ በልልኝ።»

«ዝቅ ብል ደስ ባለኝ» አለ ድራሙ። «ግን ቤዝ ጊታሩ ይውጠኛል። ራሴን ካልሰማሁ ምቱ ይጠፋብኛል። መጀመሪያ እሱ ዝቅ ይበል።»

ወደ ቤዝ ጊታሩ ሄደች። «ወንድሜ ቤዝ፣ እባክህ ትንሽ ዝቅ በልልኝ።»

«እኔማ ምን ቸገረኝ» አለ ቤዝ ጊታሩ። «ግን ኪቦርዱ ይሸፍነኛል። መጀመሪያ እሱ ዝቅ ይበል።»

ወደ ኪቦርዱ ሄደች። «ወንድሜ ኪቦርድ፣ እባክህ ትንሽ ዝቅ በልልኝ።»

«እኔ የጮኽኩት ድራሙ ስለጮኸ ነው» አለ ኪቦርዱ። «ለእሱ ንገሪው።»

አየለች ወደ ድራሙ አልተመለሰችም። መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጉሮሮዋን በእጇ ያዘች። ቀደም ሲል ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትታይ ነርሷ «ይህን ጉሮሮ ካላሳረፍሽው አንድ ቀን ጭራሽ ይዘጋብሻል» ብላታለች።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ወደ ሆኑት ወደ ጋሽ ሄራሞ ቤት ሄደች። ጋሽ ሄራሞ ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን እጃቸው ቶሎ አይፈታም።

«ጋሽ ሄራሞ፣ ወደ እኛ የሚዞር ስፒከር ያስፈልገናል። ሞኒተር ይሉታል። እግራችን ሥር ይቀመጥና የምንዘምረውን መልሶ ለእኛው ያሰማናል» አለቻቸው።

ጋሽ ሄራሞ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ሕዝቡ ይሰማሽ የለም እንዴ?»

«ይሰማኛል።»

«ታዲያ አንቺ ራስሽን ሰምተሽ ምን ልታደርጊ ነው? ዘማሪ ራሱን ማዳመጥ ሲጀምር ልቡ ያብጣል።»

«አባቴ፣ ራሴን ካልሰማሁ እጮኻለሁ። መጮኽ ደግሞ ደከመኝ። ካልሆነ ሌላ ዘማሪ ፈልጉ።»

ይህን ስትል ተቆጥታ አልነበረም። ከሩቅ ተሸክሞ የመጣውን ዕቃ መሬት ላይ እንደሚያሳርፍ ሰው ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። ጋሽ ሄራሞን ያስደነገጣቸውም ይኸው ነው።

«እሺ» አሉ። «ግን ርካሽ መሆን አለበት። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

በገበያ ቀን አህያቸውን እየነዱ ከተማ ወረዱ። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ነው። አየለች አታወራም፤ ጋሽ ሄራሞም አያወሩም፤ አህያዋ ብቻ «ስንመለስ የምሸከመውን ሳስበው ከአሁኑ ወገቤን አመመኝ» እያለች ታጉረመርማለች። እንዲህ እያሉ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ደረሱ።

ገና በሩን ሲያልፉ እንደ ሰው ቁመት ያለው ስፒከር ደረቱን ነፍቶ ተቀበላቸው። «እኔን ውሰዱ! እኔ ስናገር ግድግዳ ይንቀጠቀጣል! እኔ ካለሁ ሌላው ሁሉ ዝም ይላል!»

ባለሱቁ ማይክ ሰጣትና አየለች አንድ ስንኝ ዘመረች። ሱቁ ተናወጠ። መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ተንጫጫ። የሰማችው ነገር ግን ነጎድጓድ እንጂ የራሷ ድምፅ አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ ማይኩም ደነገጠና «ጲ—ጲ—ጲ» ብሎ ጮኸ።

«ይሄ በእኛ ጠባብ መድረክ ላይ ከማይኩ ጋር ሲጣላ ነው የሚውለው» አለች አየለች ጆሮዋን ይዛ።

ጋሽ ሄራሞ ዋጋውን ጠየቁና ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። አህያዋም ከደጅ ሆና «እሱን የምትገዙት ከሆነ እሱው እኔን ይሸከመኝ!» አለች።

አለፍ ሲሉ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራ፣ የሚያብለጨልጭ ስፒከር አዩ። ይቺኛዋ ድምጿ ማር ነው። «ነዪ የኔ ቆንጆ፣ ወደ እኔ ነዪ። ምን የመሰለ ድምፅ እንዳለሽ ላሰማሽ» አለቻት።

አየለች ዘመረች። ከስፒከሯ የወጣው ድምፅ ገደል ገደሉን እየዞረ እንደሚመለስ ዋሽንት ነበር። የጋሽ ሄራሞ ዓይን እንባ አቀረረ። «እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ! ዋጋዋም ቀላል ነው፤ ይቺን እንውሰድ።»

«ቆይ አንዴ» አለች አየለች። ደግማ ዘመረች። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ድምጿ ተሰበረ። መሰበሩን ጉሮሮዋ ውስጥ አወቀችው፤ አመማትም። ከስፒከሯ የወጣው ግን ያው ማር ነው።

«አሁን እኮ ድምፄ ተሰብሯል» አለች አየለች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔ ደንበኛ አላስከፋም።»

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትዪኝ?»

«እስክትከፍዪ ድረስ» አለች ስፒከሯ፣ መብራቷን ብልጭ ድርግም እያደረገች።

ጋሽ ሄራሞ ግን ልባቸው እዚያው ቀርቷል። «ምን ችግር አለው አየለች? አምሮልሽ የለ?»

«ጉሮሮዬ እየቆሰለ አምሮብሻል የሚለኝ ሰው ሞልቶኛል ጋሽ ሄራሞ። ለዚያ ከተማ ድረስ መምጣት አያስፈልገኝም ነበር።»

ከዚያ የምታርፍበት ፈለገች። ግድግዳው ሥር ያለ አንድ ጥቁር ሳጥን አየችና ሄዳ ቁጭ አለችበት።

«እህቴ» አለ ከሥሯ አንድ ድምፅ፣ «የተቀመጥሽው እኔ ላይ ነው።»

አየለች ደንግጣ ብድግ አለች። አንድ ጎኑ ያዘመመ፣ የፊቱ ወንፊት የተጋጨ፣ ሰው ሲጠቀምበት የቆየ ስፒከር ነበር። «ይቅርታ፤ ሳላይህ ነው።»

«ግድ የለም፤ ለምጄዋለሁ።»

«አንተስ ምን ትችላለህ?»

«ብዙ አልችልም። ቤት አላንቀጠቅጥም። ድምፅ አላሳምርም። ያልሽውን መልሼ አሰማሻለሁ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

ባለሱቁ ሳጥኑን እግሯ ሥር አስቀመጠላት። ያዘመመው ጎኑ ቀና ብሎ ፊቷን አየ። አየለች ያንኑ ስንኝ ዘመረች።

የተመለሰላት ድምፅ ሻካራ ነበር። ከፍ ሲል የሚሰነጠቅ፣ ዝቅ ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ታጥቦ ታጥቦ እንደ ሳሳ ጨርቅ ያለ ድምፅ።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አለች።

«አንቺ ነሽ።»

አየለች መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ጋሽ ሄራሞ ሳጥኑ ላይ ከዘራቸውን አነሱ። «አንተ ባለጌ! ዘማሪያችንን እንዲህ ታዋርዳለህ?»

«እኔ ምንም አልጨመርኩም አባቴ» አለ ሳጥኑ። «ምንም አልቀነስኩም።»

ከዘራው አየር ላይ ቀረ። ጋሽ ሄራሞ ሳጥኑን አዩ፤ አየለችን አዩ። ከዚያም ከዘራቸውን ጥለው፣ ጉልበታቸውን እየያዙ ወርደው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እንዲህ ደክመሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«በየእሑዱ ማይክ ይዤ ስነግርዎት ነበር እኮ» አለች አየለች።

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።  አየለች ማይኩን አነሳችና፣ እዚያው እንደተቀመጠች፣ ሕፃን እንደምታስተኛ ሴት ዝቅ አድርጋ ዘመረች። ሳጥኑም ዝቅ አድርጎ መለሰላት። ሰማችው። ለመሰማት ይህን ያህል ብቻ ይበቃ ነበር።

ሳጥኑን ገዙት። አህያዋ አሽትታው «ይሄስ ይሁን» አለች።

እሑድ ሳጥኑ መድረኩ ላይ ሲቀመጥ ሦስቱ ወንድማማቾች ተንጫጩ። ድራሙ «ወደ እኔ አዙሩት!» አለ። ቤዝ ጊታሩ «ወደ እኔ!» አለ። ኪቦርዱም «ወደ እኔ!» አለ።

«እኔ ትንሽ ነኝ» አለ ሳጥኑ። «ጮኼ አልችላችሁም። ዝቅ ካላችሁልኝ ግን ለሁላችሁም እበቃለሁ።»

ሳቁበት። መዝሙሩ ሲጀመርም እንደ ልማዳቸው ጮኹ። አየለች ግን አልጮኸችም። እግሯ ሥር ያለውን ቀጭን ድምፅ ይዛ ቀስ ብላ ዘመረች። ሕዝቡ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያያል እንጂ አይሰማትም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

ድራሙ ድንገት ግራ ገባው። «የት ደርሰናል?» ሲል ቤዝ ጊታሩን ጠየቀው።

«እኔ ምን አውቃለሁ? የምከተለው እሷን ነበር።»

«አንተስ ኪቦርድ?»

«እኔም እሷን ነበር።»

ሦስቱም እሷን ፍለጋ ዝቅ አሉ። አሁንም አላገኟትም። ደግመው ዝቅ አሉ። ያኔ የአየለች ድምፅ እንደ ጭላንጭል ብቅ አለ፤ ሻካራ ነው፣ ግን መንገዱን ያውቃል። ድራሙም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኽ ራሱን ሰማ። አፍሮም በጣቱ ጫፍ እንደሚመታ ሰው መምታት ጀመረ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የአየለች ድምፅ እንደ ድሮው አልሆነም። ከፍ የሚለውን ሌሎች ይዘምሩታል፤ እሷ ዝቅ የሚለውን ትይዛለች። አንዳንድ እሑድ ደግሞ ከሕዝቡ ጋር ተቀምጣ ሌላ ሰው ሲመራ ታዳምጣለች። ጋሽ ሄራሞም ሰው «ደከመኝ» ሲላቸው መከራከር ትተዋል።

እናንተም የሚያስጮኻችሁን ሁሉ አጋዥ አትበሉት፤ የሚያሳምራችሁንም ሁሉ ወዳጅ አትበሉት። ፊቱን ወደ እናንተ አዙሮ ምንም ሳይጨምር፣ ምንም ሳይቀንስ የሚነግራችሁን ስታገኙ ግን፣ ወንፊቱ የተጋጨ ነው ብላችሁ አትለፉት።

የኔ ነገር ይህን ታህላለች፤ ጆሯችሁ ይባረክ።