የመጀመሪያው እትም

አንድ ይልቃል የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር። የተማረ፣ የተከበረ ሰው ነው፤ ግን ምን ያደርጋል፣ ቅናት አንጀቱን ያሳርረው ነበር። የሚቀናው በወይዘሮ እልፍነሽ ነው። እሳቸው የአገሩን የዕፅዋት ምርምር መጽሔት አቋቁመው የመጀመሪያውን እትም ያወጡ ሊቅ ናቸው። ከሁለተኛው እትም ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመራው ይልቃል ቢሆንም፣ ሰዉ ሁሉ «የእልፍነሽ መጽሔት» ነው የሚለው። ይህን በሰማ ቁጥር እህል አይዋጥለትም።

የመጽሔቱን ታሪክ እንዲጽፍ ሲታዘዝ ጊዜ፣ እሰይ አለ! «መጽሔቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ከእኔ በፊት የታተመ የለም» ብሎ ጻፈ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የቀረችውንም አንዲት የመጀመሪያ እትም ወስዶ አቃጠላት። የእልፍነሽን ስም ሽፋኑ ላይ ሲያይ ዓይኑ ደም ለብሶ ስለነበር አንድ ገጽ እንኳ አልገለጠም።

በዕፅዋት ሊቃውንት ሕግ፣ ለአንድ ተክል መጀመሪያ ስም አውጥቶ ያሳተመ ሰው፣ የራሱም ስም ከተክሉ ስም ጎን ይጻፍለታል። ይልቃልም በወጣትነቱ ገደል ላይ አግኝቶ ስም ያወጣላት አንዲት አበባ ነበረችው። የዕድሜ ልክ ኩራቱ እሷ ናት። ታሪኩ በወጣ በወሩ ከውጭ አገር ሊቃውንት ደብዳቤ መጣ፦ «አበባዋን አሳተምኩ ባልክበት ዓመት መጽሔቱ እንዳልነበረ ራስህ ጽፈሃል። ስለዚህ ክብሩ ከአንተ በኋላ ላሳተመው ሰው ይሰጣል።»

ይልቃል ክው አለ። ቅናት አስረስቶት ነው እንጂ፣ ለካ አበባዋ የታተመችው በዚያው ባቃጠለው እትም ውስጥ ኖሯል! አንገቱን ደፍቶ ወይዘሮ እልፍነሽ ቤት ሄደ።

«እትዬ፣ የመጀመሪያው እትም እርስዎ ዘንድ ይገኛል?»

«እንዴ! የለም ብለህ ጽፈህ የለም እንዴ?»

ይልቃል መሬት መሬቱን እያየ፣ «ቀንቼብዎ ነው» አለ። «ስምዎ በተነሳ ቁጥር ሆዴ ይቃጠል ነበር።»

ወይዘሮዋ እትሙን ከሣጥን አውጥተው ሰጡት። ይልቃል የአበባዋን ገጽ አግኝቶ እፎይ ሲል፣ «ያኔ ገጹ አልበቃ ብሎን ነበር» አሉት። «የራሴን ጽሑፍ አውጥቼ ነው ያንተን ያስገባሁት።»

ቀናተኛ የሰው ስም ሲፍቅ፣ የእሱን ስም ማን እንደጻፈለት አያስተውልም። እስቲ ልብ እንበል፦ ስሙ ሲነሳ ፊታችን የሚጠቁርበት ያ ሰው፣ ለእኛ ብሎ ምን ትቶ ይሆን?