ወረፋ የያዘችው ሚስት

አንድ ነጋዴ ነበረ፤ ጨዋታ የሚወድ። ተቀመጥ ፍጹም፣ ስልክህንም ኪስህ ክተተውና ስለ እሱ ልንገርህ። የጠየቅከኝን አልረሳሁም። በየወሩ ከደሞዝህ እየተቆረጠ አንዱ ጋ ለፊልም፣ አንዱ ጋ ለተከታታይ ድራማ፣ አንዱ ጋ ለኳስ፣ አንዱ ጋ ለዘፈን ትከፍላለህ። ሲመሽ ከሚስትህ ከረድኤት ጋር አንድ ሶፋ ላይ ትቀመጣላችሁ። ትናንት ረድኤት «ናፈቅከኝ» አለችህ። አጠገቧ ተቀምጬ እንዴት ነው የምናፍቃት ብለህ ነው የመጣኸው። ሽማግሌ ሆኜ አባቷ ቤት ደጅ የጠናሁት እኔ ነኝና ጥያቄው ወደ እኔ መምጣቱ ተገቢ ነው።

ነጋዴው ጨውና ቆዳ የሚነግድ ባለጸጋ ነበር። ሚስቱን ያመጣት ከወንዝ ማዶ ነው። እንደ ተጋቡ ሰሞን አመሻሽ ላይ ከገበያ ይገባና «እንዴት ዋልሽ?» ይላታል። ይህን ሁሉም ሰው ይላል። እሱ ግን ጠይቆ ዝም ይላል፤ መልሱን ይጠብቃል። እሷም ከጠዋቱ ትጀምርለታለች። የጎረቤት ፍየል የተሰጣ በርበሬ በልታ እንዴት እንዳስነጠሳት፣ ሁለት ሴቶች ወንዝ ወርደው በምን እንደተጣሉና ማን እንዳስታረቃቸው ሁሉ ትነግረዋለች። አገሩ ለእሷ አዲስ ስለነበረ የምታየው ሁሉ ይገርማታል። ስታወራ ደግሞ ሰዎቹን በየድምፃቸው ታመጣቸዋለች። እሱ ይስቃል። እራቱ ይቀዘቅዛል፤ ማንም አያስታውሰውም። በዚያን ጊዜ ሌላ ጨዋታ አምሮት አያውቅም።

አንድ ቀን በደጁ ባለ ማሲንቆ አለፈ። ነጋዴው ዘፈኑን ወደደው፤ ቀለብ እየሰፈርኩልህ እዚሁ ተቀመጥ አለው። ይህ ክፋት የለውም፤ እኔም ብሆን አደርገዋለሁ። ቀጥሎ ባለ ክራር መጣ። እሱ የሚያውቀውን ባለ ማሲንቆው አያውቀውም፤ ስለዚህ ለእሱም ቀለብ ተሰፈረ። ከዚያ ዋሽንት ነፊ መጣ። በመጨረሻ አንድ ተረት አዋቂ መጣ። ይሄኛው ብልጥ ነው፤ ተረቱ ልብ የሚሰቅልበት ቦታ ላይ ሲደርስ «የቀረውን ነገ» ብሎ ይነሣል። ቀለቤን ያቋረጥክ ዕለት ተረቴን ይዤ ሌላ ባለጸጋ ቤት እገባለሁ ሲልም አስታውቋል። ሌሎቹ ይህን አይተው ተማሩ። ያንኑ ተረት በየቤታቸው የሚያስነግሩ ሌሎች ነጋዴዎች ደግሞ ገበያ ላይ ስለ እሱ ነው የሚያወሩት፤ እናንተ ቤት የት ደረሰ እየተባባሉ። ሳይሰማ የሄደ ሰው ከወሬው ውጭ ሆኖ ይውላል። እንዲህ እያለ ነጋዴው ማንንም ማሰናበት የማይችል ሰው ሆነ።

አሁን የሰውየውን ስሕተት ልብ በል። ሲደክመው እንኳ አርፎ አይተኛም። ቀለቤን እየበሉ ዝም ብለው ሊቀመጡ ነው ወይ ይላል። ማዳመጡ ስላማረው መሆኑ ቀርቶ የሰፈረው እህል እንዳይባክን ሆነ። ማሲንቆውን እየሰማ ተረቱ ያምረዋል፤ ተረቱን እየሰማ ዋሽንቱ ትዝ ይለዋል። ለጎተራው እንዲህ የሚሳሳ ሰው ምሽቱን ማን እንደሚበላበት አንድም ቀን አላሰበም። ቤት ሲገባ አሁንም «እንዴት ዋልሽ?» ይላታል፤ ግን አንድ እግሩ ቀለብተኞቹ የሚጫወቱበት እልፍኝ ውስጥ ነው። አፏን ስትከፍት እጁን ያነሣና «ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ» ይላታል። በቁጣ አይደለም፤ በፈገግታ ነው። ስለዚህ የምትቀየምበት እንኳ አጣች።

እሷ መጀመሪያ ትጠብቀው ነበር። ቀን ሥራ ስትሠራ የምትነግረውን በሆዷ ታሰናዳለች፤ ከየቱ እንደምትጀምር፣ የቱ ላይ እንደሚስቅ። ሳትነግረው ያድራል፤ በማግስቱ ሌላ ይጨመርበታል። እልፍኙን ከሚከልለው መጋረጃ ወዲህ ተቀምጣ ሳቁን ትሰማለች። ያ ሳቅ ድሮ የሚመጣው በእሷ ነበር። ባሏ ሩቅ አገር ለንግድ ሄዶ ቢሆን መንገዱን እያየች ትጽናናለች፤ ጎረቤትም ይመጣል እያለ ያበረታታታል። መጋረጃ ማዶ ለተቀመጠ ባል ማን ያበረታታታል? ቢሆንም ናፈቃት። የእሱን ሳቅ እየሰማች፣ እሱ ራሱ ናፈቃት።

አንድ ምሽት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ በረኛው ሄደች። ቀለብተኞቹ በተራ ምክንያት እየተጣሉ ስላስቸገሩ ወረፋ የሚያስይዛቸው እሱ ነበር። ለእኔም ወረፋ ያዝልኝ አለችው። የምትቀልድ መሰለው።

«እሜቴ፣ ቤቱ የእርስዎ አይደለም እንዴ?»

«የቤቱ ሰው ተራ የለውም» አለችው። «ተራ ያለው ቀለብተኛ ነው።»

ከባለ ክራሩ ቀጥላ ገባችና ቀለብተኞቹ የሚቀመጡባት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ባሏ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ድምፅዋን ሲሰማ ገለጠው። ጨዋታ መስሎት ሳቀ፤ በይ እንስማ አላት።

አንዲት ሴት ነበረች ብላ ጀመረች። ከወንዝ ማዶ ስለመጣች፣ ባሏ እንዴት ዋልሽ እያለ ስለሚጠይቃት አንዲት ሴት ነገረችው። ፍየሏንና በርበሬውን አመጣች፤ የተጣሉትን ሴቶች በየድምፃቸው አመጣች። ተራውን ጨርሶ ጥግ የያዘው ባለ ክራር እንኳ ሳቀ። ነጋዴው ወደ ፊት ጠጋ አለ። ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ወግ አዋቂ እንዳለች ረስቶት ኖሯል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ይህች ሴት አንድ ቀን ለባሏ የምትነግረው ትልቅ ወሬ ያዘች፤ ለእናቷ እንኳ ያልነገረችውን፣ መጀመሪያ እሱ ይስማው ብላ። ገባች። ባሏ ዋሽንት እየሰማ ነበርና እጁን አንሥቶ ቆይ አላት። ቆየች። በማግስቱ ተረቱ ልብ የሚሰቅልበት ቦታ ደርሶ ነበርና እጁን አነሣ። ቆየች። ይህን ብላ ተረት አዋቂው እንደሚያደርገው ከበርጩማዋ ተነሣች።

«ከዚያስ?» አለ ነጋዴው።

«ከዚያማ አንድ ቀን አመማትና ተኛች። ባሏ ደግ ሰው ነው፤ ዋሽንት ነፊውን እሷ እንዳትረበሽ ቀስ ብለህ ንፋ አለው። ከአልጋዋ ስትነሣ የምትነግረው ነገር አልነበራትም።»

ነጋዴው ያን ዕለት አስታወሰ። ቀስ ብለህ ንፋ ማለቱን አስታወሰ። ስላሰበላት በራሱ ደስ ብሎት ማምሸቱንም አስታወሰ። ወሬው ምን እንደነበረ ለመጠየቅ ፈራ፤ ግን ጠየቃት።

«ልጅ» አለችው። በርጩማዋን ለሚቀጥለው ሰው አስተካክላ ወጣች።

ባለ ክራሩ ክሩን ነካ ነካ አደረገ። ነጋዴው እጁን አነሣ፤ ያንኑ እጁን። ቆይ ሊል ነበር፤ እጁን መልሶ አወረደው።

በማግስቱ ለቀለብተኞቹ ስንቅ ቋጥሮ አሰናበታቸው። ተረት አዋቂው በሩ ላይ ዞር ብሎ የተረቱን መጨረሻ ሳትሰማ ነው ወይ አለው፤ ነጋዴው በሩን ዘጋ። ሲመሽ ሚስቱ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠና እንዴት ዋልሽ አላት። ደህና አለችው። ጠበቀ። ሌላ አልጨመረችም። ቂም ይዛ አይምሰልህ። ሰው የሚያወራው ያየውን ነው፤ እሷ ደግሞ የሚሰማት ስታጣ ማየቱንም ትታው ነበር። ፍየሏ ዛሬም በርበሬ ስትበላ ውላ ይሆናል፤ ማን ልብ ብሏት? በማግስቱም ጠየቃት፤ ደህና። በሌላውም ቀን ደህና። አሁን መናፈቁ የእሱ ተራ ሆነ። ያቺ ከጠዋቱ የምትጀምረው ሴት አጠገቡ ተቀምጣ ናፈቀችው።

ይህን የነገረኝን ሰው ከዚያስ ብዬ ጠየቅሁት። ከዚያማ ይጠብቃል አለኝ። ከዚህ ሌላ አልነገረኝም።

እንግዲህ ፍጹም፣ ነጋዴው አንተ ነህ። ቀለብተኞቹ በየወሩ የምትከፍልላቸው እነዚያ ናቸው፤ ልብህን ሰቅለው የቀረውን ነገ የሚሉህ። ብሩን ብቻ ቢወስዱ ምን ነበረበት፤ ትሠራለህ፣ ይመጣል። የሚበሉት ግን ምሽትህን ነው፤ ምሽትህን ደግሞ ለረድኤት ሰጥተሃት ነበር። አባቷ ፊት ቆሜ ልጅዎን ብቻዋን አይተዋትም ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ሰውየው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ምን ብዬ ሰላም እንደምለው አላውቅም።

ሁሉንም ዝጋ አልልህም። እኔም ኳስ አያለሁ፤ ካላመንክ ባለቤቴን ጠይቃት። ናፈቅከኝ ስላለችህ ደግሞ አትዘን፤ ይልቅ ደስ ይበልህ። የነጋዴው ሚስት በርጩማዋ ላይ ስትቀመጥ ይህን ቃል አላለችም፤ ጊዜው አልፎባት ነበር። ረድኤት ገና እየጠበቀችህ ነው።

ግን ቅድም ስታወራኝ አንድ ነገር ዘለልከው። ናፈቅከኝ ስትልህ ምን ብለህ መለስክላት? ዓይኔን ላለማየት መሬት መሬት አትመልከት፤ ገብቶኛል። «ይቺን ልጨርስ» አልካት። እሷም ተወችው። ልትነግርህ የነበረው ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። በል ተነሥ፣ ቤትህ ሂድና እንዴት ዋልሽ በላት። ደህና ብትልህም ከአጠገቧ አትነሣ።