የጃርት ቅጠል

ተረት ተረት፣ የደቦ ምርት።

እንስሳት የጦጣን እርሻ በደቦ ቆፍረው ጠላ ቀረበ። የነገው ተራ የጃርት ነበር። ቅሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ቆይቶ ጃርት ዘንድ ሲደርስ ጦጣ እንደ ወትሮዋ በኮባ ቅጠል ቀዳችለት።

«አያ ጃርት፣ ላንተማ ለብቻህ ነው፤ ክብርህ ነዋ!»

ጃርት በዚህ ሲኮራ ኖሯል። ዛሬ ግን ክብሩ ለታላቅ ይገባል ብሎ ቅጠሉን ለበሬ ዘረጋ።

«አያ በሬ፣ እርስዎ ይጠጡበት።»

«እኔን በቅጠል? ምን በደልኩህ?» ብሎ በሬ ተቆጣ።

ሌሎቹ መሬት መሬቱን አዩ። ጃርት ያን ጊዜ ገባው።

«እመት ጦጣ፣ እንግዲያው እኔም በቅሉ ልጠጣ።»

ጦጣ የሞላውን ጋን ከደነችና «ውይ፣ አለቀ እኮ!» አለች።

በማግስቱ ጃርት ጠላውን አቅርቦ እስኪመሽ ጠበቀ። የመጣለት አልነበረም። ከዚያን ዕለት ወዲህ ጃርት የሚቆፍረው ሌሊት፣ ብቻውን ነው።