የግራዝማች ቁራኛ

አንዲት ባልቴት ጫጩቶቿን ከጭልፊት የሚጠብቅላት ኃይለኛ አውራ ዶሮ ነበራት። ችግሩ፣ ዶሮው ጭልፊትን ከሹም አይለይም። አንድ ቀን ግራዝማች ደባልቄ በጓሮዋ አቋርጠው ሲያልፉ ዘሎ ባታቸውን ቧጨራቸው፤ እሳቸውም ሰው እያየ አጥር ዘለው አመለጡ።

በማግስቱ አስጠሯት።

«ዶሮሽ ሹም ተዳፍሯል። ወይ አርደሽ ወጡን ታመጪልኛለሽ፣ ወይ ተከሳሹን ይዘሽ ለፍርድ ትቀርቢያለሽ» አሏት። ከሹም ጋር ማን ይሟገታል ብለው፣ ወጡን ይጠብቁ ጀመር።

ባልቴቲቱ ግን ዶሮውን በብብቷ ይዛ ተመለሰች። እግሩ በገመድ ታስሯል፤ የገመዱን ጫፍ ለግራዝማች ዘረጋችላቸው።

«ምንድነው ይሄ?»

«ተከሳሹ ነው ጌታዬ። በአገራችን ወግ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ እስኪቀመጥ በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረው አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ዳኛው የሚቀመጠው ሐሙስ ነው፤ ዛሬ ገና ሰኞ ነው። እሱ ኩታ ስለሌለው ገመድ አምጥቻለሁ። የኩታዎን ጫፍ ያቀብሉኝና ልቋጥረው።»

ግራዝማች ዶሮውን አዩት። ዶሮው ባታቸውን አየ።

«ክሱን ትቼዋለሁ» አሉ እግራቸውን እየሰበሰቡ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ባልቴቲቱ። «እርስዎ ትተዋል፤ እሱ ለመተዉ ግን ዋስ አልሆንም። እንግዲህ በዋናው መንገድ ቢያልፉ ይሻላል።»