ሸማኔው ጎንጤና ሁለት መንደር ያዛመደው መልስ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። መሀል ላይ ግራ ቢገባችሁ አትደንግጡ፤ የዚያን ጊዜ ሰዎችም ግራ ገብቷቸው ነበር።

በድሮ ዘመን ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ሁለት መንደሮች ነበሩ። አንዱ ላይ አምባ፣ ሌላው ታች አምባ ይባላል። በላይ አምባ ጎንጤ የሚባል ሸማኔ ይኖር ነበር። ጎንጤ እጁ ብልህ፣ አፉ ፈጣን፣ ልቡ ለስላሳ ሰው ነው። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት። «አላውቅም» ማለት አይሆንለትም።

ሸማኔ ሲሠራ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ነው። ተነሥቶ አይሄድ፣ ሸሽቶ አያመልጥ። ስለዚህ መንገደኛው ሁሉ አጠገቡ ቁጭ እያለ ይጠይቀዋል።

«አያ ጎንጤ፣ ደጃፍ ላይ መቀመጥ ለምን ነውር ሆነ?»

«ሲሳይ የሚገባው በደጅ ነው፤ መንገድ ትዘጋበታለህ።»

«አያ ጎንጤ፣ ዶሮ ውሃ ስትጠጣ ለምን ቀና ትላለች?»

«ዝናብ ሰጪው እንዳልረሳት ለማየት ነው።»

«አያ ጎንጤ፣ አማትና ምራት ለምን አይስማሙም?»

«ሁለቱም የሚወዱት አንድ ሰው ነዋ!»

ጠያቂው መልስ ሲያገኝ ፊቱ ፈካ ይላል። ጎንጤ ያቺን ፈካ ማለት ይወዳት ነበር። የሚያውቀውን ከሚያውቀው፣ የማያውቀውን ከልቡ እያወጣ ይመልሳል። የቱ የቱ እንደሆነ ማንም አይለይም። እየቆየ እሱ ራሱም መለየት አቃተው።

አንድ ቀን የላይ አምባው ሽማግሌ አባ ድንበሩ መጡ።

«ጎንጤ፣ ምንጩን የቆፈረው ማነው?»

ጎንጤ መወርወሪያውን ወዲህ ላከ፣ ወዲያ ላከ። «የላይ አምባ ሰው ነዋ! ሸንቁጥ የሚባል፣ ከአሁኖቹ አባወራዎች አምስት ትውልድ ወደ ላይ።»

የአባ ድንበሩ ፊት ፈካ። ደረታቸውን ነፍተው ሄዱ።

በሳምንቱ የታች አምባው ሽማግሌ አባ ቸኮል ከገበያ ሲመለሱ አረፍ አሉ።

«ጎንጤ፣ ምንጩን የቆፈረው ማነው?»

«የታች አምባ ሴት ናት እንጂ! በላይነሽ የምትባል፣ አምስት ትውልድ ወደ ላይ።»

የአባ ቸኮልም ፊት ፈካ። እሳቸውም ደረታቸውን ነፍተው ወረዱ።

የካቲት ገባ። ምንጩ ቀጠነ። የላይ አምባ ሴቶች «አባታችን ሸንቁጥ የቆፈረው ነውና ቀድመን እንቅዳ» አሉ። የታች አምባ ሴቶች «ኧረ እናታችን በላይነሽ ናት የቆፈረችው» አሉ። እንስራ ከእንስራ ተጋጨ። ሸክላ ተሰበረ። ወንዶቹ ዱላ ይዘው ደረሱ፣ የአንድ ሰውም ግንባር ተፈነከተ። ደሙን ሲያዩ ደነገጡና «ጎንጤ ይንገረን!» ብለው እየተጓተቱ ወደ ሸማኔው ወጡ።

ጎንጤ ጉድጓዱ ውስጥ እንደተቀመጠ ሁለት መንደር ከበበው። በግራ ዱላ፣ በቀኝ ዱላ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። «ከልቤ አውጥቼ ነው» ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሁላችሁም ልክ ናችሁ! ሸንቁጥና በላይነሽ ወንድምና እህት ናቸው። እሱ ሲቆፍር እሷ አፈሩን ታወጣ ነበር።»

ዱላው ሁሉ ወደቀ። «ለካ ወንድማማቾች ነን!» ተባባሉ። ተቃቀፉ። ግንባሩ የተፈነከተው እንኳ የፈነከተውን ሳመው። ጎንጤም «እሰይ፣ በአንዲት ቃል ሰው አዳንኩ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አሁን ልብ በሉ፣ ልጆች። በዚያ አገር እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘመድ ከዘመድ አይጋባም። ሕጉን ሕፃንም ያውቀዋል።

የላይ አምባዋ አስካለ ለታች አምባው ደምሌ ታጭታለች። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። ጌሾ ተወቅጧል፣ ጥጃ ተመርጧል። አንዲት አሮጊት ጌሾውን እየነፉ ሳሉ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አምስት ላይ ሲደርሱ ወንፊቱን ጣሉት።

«በሸንቁጥና በበላይነሽ ከሆነ እኮ አምስት ቤት ነው! ሰባት አልሞላም! ኧረ ጉድ፣ ወንድምና እህት ልንድር ነው!»

ሠርጉ ቀረ። ደምሌ ሰው ፊት መቆም አፈረ። አንድ ጠዋት ከጨው ነጋዴዎች ጋር ተደባልቆ ጠፋ፤ አስካለን እንኳ አልተሰናበተም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን አንዱ ተነሥቶ «ያገቡትስ?» አለ። ሲቆጠር ከላይ አምባና ከታች አምባ የተጋቡ ዘጠኝ ቤቶች ተገኙ። ቄሱ መጽሐፋቸውን ገለጡ፣ ከደኑ፣ መልሰው ገለጡ። «ዘመድ ከሆኑ እስኪጣራ ይለያዩ» አሉ።

ያን ቀን ዳገቱ በሰው ተሞላ። ይቺ ቁርበቷን ተሸክማ ትወርዳለች። ያቺ ሙቀጫዋን ተሸክማ ትወጣለች። ባልና ሚስት መንገድ ላይ ሲተላለፉ «እንደምን ዋልሽ፣ እቴ» ይላል ባል፤ «ደህና ዋልክ፣ ወንድሜ» ትላለች ሚስት፤ ከዚያ ሁለቱም ዞር ብለው ያለቅሳሉ። አማት ምራቷን ምን ብላ እንደምትጠራት ጠፋት። አንድ ሰውዬ ደግሞ «እንግዲያው አማቴ አክስቴ ሆነች፣ እኔ ለራሴ ልጅ አጎት ነኝ፣ ሚስቴ ደግሞ ለእኔ...» ብሎ ጀመረና ራሱን ይዞ ተቀመጠ። እኔም ስቆጥረው ይጠፋብኛል።

ከዘጠኙ ሚስቶች ሁሉ የባሰባት ይታይሽ የምትባል ነበረች። እርጉዝ ሆና ተለይታ እናቷ ቤት ወለደች። ወንድ ልጅ ነው። ባሏ ከአጥር ውጭ ቆሞ የልጁን ለቅሶ ይሰማል፤ ግባ የሚለው ግን የለም። ሕፃኑን የአባቱን ስም ሰጥቶ የሚጠራው ጠፋ። የአምስት ዓመት ሴት ልጇ ሄዳ ከጎንጤ ጉድጓድ አጠገብ ቆመች።

«አያ ጎንጤ፣ አባባን አባባ ልበለው አጎቴ ልበለው?»

ጎንጤ ድሩ በእጁ ተበጠሰበት። የልጅቷን ፊት አየ። ፊቷ እንዲፈካ ፈለገ።

«ጠዋት ጠዋት አባባ፣ ከሰዓት ከሰዓት አጎቴ በዪው» አላት።

ልጅቷ አልፈካችም። «ማታስ?» አለችው።

ያን ዕለት ጎንጤ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ትርፌ ዕቃዋን ትቋጥራለች። ትርፌ የታች አምባ ልጅ ናት፤ ከዘጠኙ ቤት እስካሁን ያልተለያየው የእነሱ ብቻ ነበር። ቃሏ ጥቂት፣ ዓይኗ ንቁ ሴት ናት።

«ወዴት ነው፣ ትርፌ?»

«ወደ ወንድሜ ቤት።» ቋጠሮውን አጠበቀች። «አንተም ለካ ወንድሜ ኖረሃል። ሃያ ዓመት ሙሉ አልነገርከኝም።»

ጎንጤ ቋጠሮውን ያዘባት። «የለም፣ የለም! ሸንቁጥ የሚባል ሰው የለም። በላይነሽ የምትባልም የለችም። ከልቤ ነው ያወጣሁት።»

ትርፌ ቋጠሮዋን አላስቀመጠችም። «ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ለሰዉ ንገር» አለችና ወጣች።

ጎንጤ ወደ አባ ድንበሩ ሮጠ። «አባ፣ ዋሽቻለሁ።» አባ ድንበሩ ሳቁ። «ሚስትህ ስለሄደችብህ ነው። እንዲህ ያለ ጀግና አባት ልትነጥቀን?»

ወደ አባ ቸኮል ወረደ። «አባ፣ ዋሽቻለሁ።» አባ ቸኮል ተቆጡ። «ሁሉን የምታውቅ ሰው ነህ። ለራስህ ሲሆን አላውቅም ትላለህ?»

ወደ ቄሱ ሄደ። «አባቴ፣ ያስምሉኝና ልማል።» ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትናንት የተናገርከው እውነት ከሆነ ዛሬ ዋሽተሃል። ዛሬ የምትለው እውነት ከሆነ ትናንት ዋሽተሃል። በየትኛው አፍህ ነው የማስምልህ?»

ጎንጤ መሀል ዳገት ላይ ተቀመጠ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ይዞ የሚቀበለው አጣ።

ትርፌ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ቤት ለቤት ዞራ ሁለቱን መንደር በሜዳው ሰበሰበች። ባሏን መሀል አቆመችው።

«ሰው ሁሉ እየሰማ ልጠይቅህ» አለች። «የሸንቁጥን ነገር ማን ነገረህ?»

ሕዝቡ ጆሮውን አቆመ። የአንድ የሞተ ሽማግሌ ስም በጎንጤ ምላስ ላይ መጣ። ቢለው ሁሉም ያምናል። ዋጠው።

«አላውቅም።»

«በላይነሽ ያገባችው ማንን ነው?»

«አላውቅም።»

«የተቀበሩት የት ነው?»

«አላውቅም፣ ትርፌ። አላውቅም።»

ሕዝቡ ተንጫጫ። «ደብቆ ነው! እያወቀ ነው!» አሉ። ትርፌ እጇን አነሣች።

«እሱን ተዉት። አባ ድንበሩ፣ አንቱ አባቶችዎን ይቁጠሩልኝ። ሸንቁጥ ስንተኛው ነው?»

አባ ድንበሩ ቆጠሩ። አባታቸውን፣ አያታቸውን፣ ቅድመ አያታቸውን፣ እስከ ሰባት። ሸንቁጥ የለም። «በእኔ በኩል እንኳ የለም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በጎረቤቴ በኩል መስሎኝ ነበር።»

ጎረቤቱ ቆጠረ። የለም። «እኔ በእሳቸው በኩል መስሎኝ ነበር» አለ።

«አባ ቸኮል፣ በላይነሽስ?»

አባ ቸኮል በአባታቸው ቆጠሩ፣ በእናታቸው ቆጠሩ። «እኔ በታችኛው ሰፈር በኩል መስሎኝ...» አሉና ወደዚያው ሰፈር ሰዎች ዞሩ። የታችኛው ሰፈር ሰዎችም በበኩላቸው ቆጥረው አጧት።

እንዲህ እያለ ሁለቱ መንደር ተቆጥሮ አለቀ። ሁሉም ሰው ሸንቁጥንና በላይነሽን በሌላው ቤት ነበር ያስቀመጣቸው። በማንም ቤት አልተገኙም።

ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ አንዷ አለቀሰች። ቄሱ «በሉ ወደየቤታችሁ!» አሉ። የይታይሽ ባል ማንንም ሳይጠብቅ እየሮጠ ሄዶ አጥሩን ዘለለና ልጁን አቀፈው።

በጎንጤ ላይ ፍርድ ቀረ። አባ ድንበሩ «ይገረፍ» አሉ። አባ ቸኮል «ከአገር ይውጣ» አሉ። ቄሱ ግን «የተበደለችው ትፍረድ» ብለው ወደ ይታይሽ አዩ።

ይታይሽ ሕፃኑን እያጠባች አሰበች። «ዕቃውን ሁሉ በጀርባው ይመልስ» አለች። «በየቤቱም ይቅርታ ይጠይቅ።»

ጎንጤ የዘጠኝ ቤት ዕቃ ተሸከመ። ዳገቱን በቁርበት ወጣ፣ በሙቀጫ ወረደ፣ በጋን ወጣ። ስምንቱን ቤት መለሰ። ዘጠነኛው የራሱ ነበር። ትርፌን ወንድሟ ቤት ደጅ አገኛትና ቋጠሮዋን ሊያነሣ ጎንበስ አለ።

«ተወው» አለችው። «አንድ ቤት ቀርቶሃል።»

ቁና ቁና እየተነፈሰ «ዘጠኝ ናቸው እኮ» አላት።

«ያልተሠራ ቤት አለ። አስካለ አለች።»

አስካለ አጥር ስር ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ጎንጤን ስታየው አልሰደበችውም። እንዝርቷን አቁማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«አያ ጎንጤ፣ ደምሌ ይመለስ ይሆን?»

ጎንጤ በዕድሜው ሁሉ ሊመልሰው እንደዚህ የጓጓለት ጥያቄ አልነበረም። «አዎ፣ ይመለሳል» ቢላት ያ ፊት እንዴት ይፈካ ነበር! አንገቱን ደፋ።

«አላውቅም፣ ልጄ» አላት። «ሄጄ ልፈልገው።»

ስንቁን ቋጥሮ የጨውን መንገድ ያዘ። አንድ ገበያ ጠየቀ፣ አጣው። ሁለተኛ ገበያ ጠየቀ፣ አጣው። በሦስተኛው ገበያ፣ አገሩ ሞቃት፣ ውሃው ጨዋማ በሆነበት ቦታ፣ ደምሌን ግመል ሲጭን አገኘው። ከስቷል፣ ጠቁሯል። ጎንጤ የሆነውን ሁሉ ነገረው። ደምሌ ገመዱን እያጠበቀ በምሬት ሳቀ።

«እህትህ ናት ያልከኝ አንተ ነህ። አሁን ደግሞ አይደለችም ትለኛለህ። ነገስ ምን ልትለኝ ነው? እንዴት ብዬ ልመንህ?»

ጎንጤ መሬት ላይ ተቀመጠ። «አትመነኝ» አለው። «የእኔን ቃል ተወውና መጥተህ ራስህ ጠይቅ። የእናትህን ወገን ቁጠር፣ የአባትህን ወገን ቁጠር። አስካለንም ራሷን ጠይቃት።»

ደምሌ ገመዱን ፈታ። ከዚያ ግመሉን ለባለቤቱ አስረከበ።

መጣ። ራሱ ቆጠረ። አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ ቆጠረ። ከዚያ ወደ አስካለ ሄደ። እሷም ሳትሰናበተኝ ለምን ሄድክ ብላ ሦስት ቀን አኮረፈችው፣ በአራተኛው ሳቀችለት። በጥር ተጋቡ። ትርፌም በሠርጉ ማግስት ቋጠሮዋን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች። ጎንጤ «ይቅር አልሽኝ?» ቢላት «እያየሁህ ነው» አለችው።

እንግዲህ ልጆች፣ ሰው ሁሉን ማወቅ አይችልም፤ ይህ ነውር የለበትም። ነውሩ የሚያስደስት መልስ ለመስጠት ብሎ የሌለ ነገር መፍጠር ነው። ጠያቂም ቢሆን ሰነፍ መሆን የለበትም፤ መልሱ ስላስደሰተው ብቻ «ሌላው ያጣራው ይሆናል» ብሎ ቢተወው፣ አንድ ቀን የገዛ ቤቱ ይፈርስበታል።

እኔ ከአክስቴ አፍ የሰማሁትን ሰጠኋችሁ። የጎደለ ካለ ሙሉበት፤ የጨመርኩትን ካገኛችሁ አውጥታችሁ ጣሉት።