የወናፉን ቆዳ የቆረጠው ቢላ

አንድ ኮርቻ ሰፊ ነበረ። አስካለ ልጄ፣ የአባታችሁን መሬት ለአንቺና ለወንድምሽ የሚያካፍል ሽማግሌ እንዴት ይመረጣል ብለሽ ስለጠየቅሽኝ የሱን ነገር ልንገርሽ።

የዚህ ሰው የቆዳ ቢላ በመሳል ብዛት ሳስቶ ተሰበረ። የቆዳ ቢላ እንደ ወጥ ቤት ቢላ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ስለቱ እንደ ግማሽ ጨረቃ ይከብባል፣ እጀታውም ጀርባው ላይ መሃል ለመሃል ይቆማል። በቤቱ የቀረው አንድ የበሬ ቆዳ ብቻ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ያለፋው፣ ለሙሽራ በቅሎ ኮርቻ ሊሰፋበት ቃል የገባበት። ጨርቅ ቢሳሳቱበት ይጣፋል። ቆዳ ግን አንዴ ከተሳተ ተሳተ።

ስሙ ወደ ገነነ ቀጥቃጭ ሄደ። ቀጥቃጩ ቢላዎቹን በበግ አጎዛ ላይ ደረደረለት፤ ሁሉም ያብረቀርቃሉ። አንዱን አንስቶ የክንዱን ጸጉር ላጨበትና «ምላጭ ነው፣ ጌታው» አለ።

ኮርቻ ሰፊው ቢላዎቹን አልነካም። ዓይኑ ከእሳቱ አጠገብ ካለው ወናፍ ላይ አረፈ።

«ወናፍህ አዲስ ነው። ቆዳውን በየትኛው ቆረጥከው?»

«ቢላ ልትገዛ ነው ወይስ ወናፍ የመጣኸው?»

«በየትኛው ቆረጥከው?»

ወናፉን የምትነፋው የቀጥቃጩ ሚስት መለሰች። «ከማዶው ቀጥቃጭ ተውሶ ነው። ለራሱ ሲሆን እዚያ ነው የሚሄደው።»

ኮርቻ ሰፊው አመስግኗት ወደ ማዶ ተሻገረ። የማዶው ሰው ቢላዎች ከእሳት እንደወጡ የጠቆሩ ናቸው፤ የሚያበራው ስለታቸው ብቻ ነው። እዚህም ያንኑ ጠየቀ።

«ወናፌን? ከነዚሁ ባንዱ ነዋ» አለ ሰውየው፣ ከክምሩ ሳይመርጥ አንዱን አንስቶ። «ጎረቤቴም የሚዋሰኝ ከዚሁ ነው። አንድ ቀን እንኳ ስሎ አይመልስም።»

ኮርቻ ሰፊው ያንን ገዛ። ቤቱ ገብቶ ቆዳውን ዘረጋና የኮርቻውን ክንፍ ዙሪያ እጁን ሳያነሳ ዞሮ ቆረጠበት። ሙሽራዋም በቀኗ በአዲስ ኮርቻ ሄደች።

ያንን ሰው አደንቀዋለሁ። በሄድኩበት አገር ሁሉ ፍርድን አብለጭልጮ የሚሸጥ ሞልቷል፤ ካነበብኳቸው መጻሕፍትም ብዙዎቹ የዚያ ወገን ናቸው። እሱ ግን አንዲት ጥያቄ ይዞ ሄዶ አልተታለለም።

እንግዲህ አስካለ፣ መሬታችሁ ያ የበሬ ቆዳ ነው፤ አንቺና ወንድምሽም አብራችሁ ተዘርግታችኋል። ሊያካፍሏችሁ ከታጩት ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ ሲናገር ሸንጎው ጸጥ ይላል፤ ሌላው ይንተባተባል። ይህን ተዪው። የየራሳቸውን የአባት መሬት ከወንድሞቻቸው ጋር ሲካፈሉ እንዴት እንደቆረጡ ጠይቂ። ያ አንደበተ ርቱዕ ከወንድሙ ጋር ለቅሶ እንኳ አይደራረስም። የዚያ ተብታባ ወንድም ግን ዛሬም ድረስ አንድ በሬውን ይዞ እየመጣ፣ ከሱ በሬ ጋር አቀናጅተው በወሰናቸው ላይ አብረው ያርሳሉ።